ዘንዶው ሲዲ ውስጥ ገብቶ ቀረ

እጄ ላይ ያለው መጽሔት ቀዳዳ አለው። ከመጨረሻዎቹ ገጾች በአንዱ፣ ከታች በቀኝ ጥግ፣ በመቀስ የተቆረጠ አራት ማዕዘን። እዚያ የነበረው የደንበኝነት ኩፖን ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ስሙንና አድራሻውን ሞልቶ፣ ፖስታ ውስጥ ከትቶ ልኮታል። ይሁን፣ ደግ አደረገ። ችግሩ፣ ከኩፖኑ ጀርባ የአንባቢዎች ጥያቄ የሚመለስበት ዓምድ ነበረ። ጥያቄው ሙሉውን አለ። መልሱ ግን ገና አንድ ብሎ ሲጀምር ቀዳዳው ውስጥ ይገባል።

መጽሔቱ «ድራገን» ይባላል፤ ዘንዶ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ አንድ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቤት፣ ከምግብ አሠራር መጽሐፎች ሥር የተወሸቀ ካርቶን ውስጥ አገኘሁት። ሽፋኑ ጠርዙ ተቀርጥፏል። የቆየ ወረቀት ይሸታል። የጎደለው መልስ ምን ይል ይሆን ብዬ ሳጠያይቅ ነው ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በ1999 የዚህ መጽሔት ሙሉ ስብስብ በሲዲ ወጥቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ። ለምን ጠፋ? መልሱ ካሰብኩት በላይ ረዘመ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

መጀመሪያ ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ ተራኪም ዳኛም ይሆናል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አንዷ ጠንቋይ፣ አንዱ ጦረኛ፣ ሌላው ሌባ። ዳኛው «ዋሻ ውስጥ ገብታችኋል፤ ከፊታችሁ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል» ይላል። እነሱ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ይሳካል አይሳካም የሚለውን ዳይስ ይለየዋል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ አርፎ የማይሰማ፣ ተረቱ ውስጥ ዘሎ ገብቶ «ጅቡን እኔ ልግጠመው» የሚል ልጅ አይታችሁ ከሆነ ጨዋታው ገብቷችኋል።

የዚህ ዓይነት ጨዋታ አባት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በ1974 ወጣ። የፈጠሩት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። ያሳተመው ቲኤስአር የሚባል ድርጅት ነው፤ መቀመጫው ዊስኮንሲን ግዛት፣ ሌክ ጄኔቫ የምትባል የሐይቅ ዳር ትንሽ ከተማ። በማግሥቱ ዓመት ድርጅቱ «ስትራቴጂክ ሪቪው» የተባለ ቀጭን ጋዜጣ ቢጤ ጀመረ። ሰባት ጊዜ ታተመ። ከዚያ በጁን 1976 «ድራገን» ተተካ። የመጀመሪያው አዘጋጅ ቲም ካስክ ይባላል።

እንግዲህ በዚያ ዘመን አንድ የገጠር ከተማ ልጅ ነህ እንበል። ጨዋታውን የሚያውቁት አንተና ሦስት ጓደኞችህ ብቻ ናችሁ። የሕጉ መጽሐፍ ብዙ ነገር አይነግርህም፤ የሚነግርህም አንዳንዴ እርስ በርሱ ይጋጫል። ማንን ትጠይቃለህ? ደብዳቤ ትጽፋለህ። ከ1979 ጀምሮ መጽሔቱ ላይ «ሴጅ አድቫይስ» የሚል ዓምድ ነበረ፤ የጠቢብ ምክር እንደ ማለት። ደብዳቤህ ከታተመ ታተመ። ካልታተመ ደግሞ የሌላ ከተማ ልጅ ያንኑ ጥያቄህን ጠይቆልህ ታገኛለህ። በየቤታችን ጉድጓድ ቆፍረን ተጫወትን ስንል፣ ለካ ሁላችንም እዚያው ድንጋይ ላይ ነው የምንደናቀፈው።

አንድ ነገር ከቅርብ ላሳያችሁ። በጨዋታው ውስጥ «ፒርሰር» የሚባል ፍጡር አለ። ዋሻ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ሹል ድንጋይ ይመስላል። ከሥሩ ስታልፍ ይወድቅብሃል። የሕጉ መጽሐፍ ስለሱ የሚለው ከዚህ ብዙም አይዘልም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከጨዋታው ፍጡራን ሁሉ እንደሱ የሚያስቅ የለም። በአፕሪል 1983፣ በ72ኛው እትም ላይ ሁለት ጸሐፊዎች ይህን ቀልድ የመሰለ ፍጡር ይዘው እንደ ሥነ ሕይወት መምህር ቁጭ አሉ። ይህ ነገር እንስሳ ከሆነ እንዴት ይኖራል ብለው ጠየቁ። ከቀንድ አውጣ ወገን አደረጉት። ድንጋይ የመሰለው ቅርፊቱ ሆነ። እንዲያ እያሉ በጽሞና ቀጠሉ። አንባቢው ሲስቅ ጀምሮ ሲጨርስ ያምናል። ከዚያ በኋላ «የእገሌ ሥነ ምኅዳር» የሚለው ተከታታይ ለዓመታት ዘለቀ፤ ስንቱ ጭራቅ በዚያ ዓምድ ቤትና ቤተሰብ አገኘ።

የአፕሪል እትም ደግሞ ለቀልድ የተተወ ነበር። ማስታወቂያዎቹ ሌላ ዓለም ናቸው፤ በፖስታ የሚታዘዙ፣ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ትናንሽ የገጸ ባሕርይ ምስሎች፣ በፖስታ በየተራ የሚካሄዱ ጨዋታዎች፣ የትም ሄዶ የቀረ ኩባንያ «በቅርቡ ይጠብቁን» የሚልባቸው ሙሉ ገጾች። መጨረሻ ላይ ካርቱኖቹ አሉ። እኔ ይህን መጽሔት የማነበው ከኋላ ጀምሬ ነው። እነዚህን ካርቱኖች ልብ በሉልኝ፤ የኋላ ኋላ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእነሱ ነው።

በ1996 መገባደጃ ቲኤስአር ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ። ማተሚያው ቆመ። የዲሴምበሩ 236ኛ እትም ከወጣ በኋላ መጽሔቱ ለወራት ድምፁ ጠፋ። ለዓመታት በየወሩ ሲመጣ የኖረ ነገር አንድ ወር ሳይመጣ ሲቀር፣ ከዚያም ሁለተኛ ወር ሲደገም፣ ሰው ምን እንደያዘ ያን ጊዜ ይገባዋል። በ1997 «ማጂክ» የተባለውን የካርድ ጨዋታ የሚያሳትመው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ቲኤስአርን ገዛው። መጽሔቱም በዚያው ዓመት በጋ ላይ ተመለሰ። በእኔ ግምት ለድሮው እትም የነበረው ናፍቆት ገበያ የሆነው በዚያ ዝምታ ነው። አንዴ ሞቶ የተነሣ ነገር ከዚያ በፊት የነበረው ዘመኑ «ድሮ» ይሆናል።

ሲዲው የወጣው በዚህ መሐል ነው። ስሙ «ድራገን ማጋዚን አርካይቭ»። አምስት ሲዲ። ውስጡ ከመጀመሪያው እስከ 250ኛው እትም፣ ሰባቱም «ስትራቴጂክ ሪቪው» ተጨምረው። ገጹ እንዳለ በስካን ገብቷል፤ ማስታወቂያው፣ የደብዳቤው ገጽ፣ ኩፖኑም ሳይቀር። ቃል ጽፎ የሚፈለግበት ፕሮግራምም አለው። ያን ጊዜ የነበረውን ኮምፒውተር አስቡት። ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር እየጮኸ ነው የሚገባው። አንድ ሙሉ መደርደሪያ የሚሞላ መጽሔት መዳፍ ላይ በሚያርፍ ሣጥን ሲመጣ ተአምር ነው። ወንድሙ ስብስቡን የጣለበት፣ እናቱ ምድር ቤቱን ስታጸዳ ያቃጠለችበት፣ ሁሉም ተካሰ።

ታዲያ ምን ተፈጠረ?

የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የሚለውን በአጭሩ ላስቀምጠው። የተለየ የጽሑፍ ውል ከሌለ፣ አሳታሚ ከጸሐፊ ወይም ከሠዓሊ የሚያገኘው መብት ጠባብ ነው። ሥራውን በዚያው መጽሔት፣ ወይም በመጽሔቱ የታረመ እትም፣ ወይም በዚያው ተከታታይ ማተም ይችላል። ከዚያ ያለፈው የሠሪው ነው። መጽሔት ከውጭ ሲታይ አንድ ዕቃ ነው፤ ሽፋን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ዋጋ አለው። ከውስጥ ግን የእድር ድንኳን ነው፤ ወንበሩ የአንዱ፣ ድስቱ የሌላው። ለሐዘኑ ተሰብስቦ ይዋላል እንጂ ወስዶ መሸጥ አይቻልም።

ሲዲስ? ያው መጽሔት ነው ልብስ ቀይሮ የመጣ? ወይስ አዲስ ምርት ነው? በ1999 ይህን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጥያቄውን ፍርድ ቤት ያደረሰው ድራገን ሳይሆን ናሽናል ጂኦግራፊክ ነው። እሱም በ1997 የመቶ ዓመት ስብስቡን በሲዲ አውጥቶ ነበር፤ እዚያም ገጹ እንዳለ፣ ከፍለጋ ፕሮግራም ጋር። ጄሪ ግሪንበርግ የተባለ የባሕር ውስጥ ፎቶ አንሺ ከሰሰ። ሲዲው ሲከፈት የድሮ ሽፋኖች አንዱ ወደ ሌላው እየተለወጡ የሚያልፉበት አጭር ምስል አለ፤ ከነዚያ ሽፋኖች አንዱ ላይ ያለው ፎቶ የግሪንበርግ ነው። በማርች 2001 አትላንታ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ፈረደለት። ምስሉና ፕሮግራሙ ሲጨመሩበት ነገሩ መጽሔት መሆኑ ቀርቶ ሌላ ዕቃ ሆኗል አለ። በጁን ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ፍሪላንስ ጸሐፊዎች (ተቀጣሪ ሳይሆኑ ለየጽሑፉ የሚከፈላቸው) ኒው ዮርክ ታይምስንና ሌሎች አሳታሚዎችን በከሰሱበት መዝገብ፣ 7 ለ2 ለጸሐፊዎቹ ወሰነ። ያኛው ስለ ዳታቤዝ ነበር፤ ጽሑፉ ከገጹ ተነቅሎ ለብቻው ስለሚገኝበት ነገር። ሁለቱ ውሳኔዎች በአንድ ዓመት ሲደራረቡ የየአሳታሚው ጠበቃ ውል ያለበትን መሳቢያ መክፈቱ አይቀርም።

የድራገን መሳቢያ ሲከፈት ካርቱኖቹ ተገኙ። ካርቱን ሠሪዎቹ መብታቸውን ይዘው ነበር የሚሠሩት። መጽሔቱ ላይ ለመውጣት ፈቅደዋል። ሲዲ ላይ ለመውጣት ግን መቼ ተጠየቁ?

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሣ አንድ አስቂኝ ታሪክ አለ። «ናይትስ ኦቭ ዘ ዲነር ቴብል» የሚባል ካርቱን በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ድራገን ላይ ይወጣ ነበር። ታሪኩ ጠረጴዛ ከበው ስለሚጫወቱና ስለሚጨቃጨቁ ጓደኛሞች ነው። እነሱ የሚጫወቱት ጨዋታ «ሃክማስተር» ይባላል፤ ካርቱኑ ውስጥ ብቻ ያለ፣ የፌዝ ጨዋታ። የካርቱኑ አሳታሚ ኬንዘር ኤንድ ካምፓኒ ነው፤ ከሰዎቹ አንዱ ራሱ የአእምሯዊ ንብረት ጠበቃ ነው። ከጠበቃ ካርቱን ሳያስፈቅዱ መውሰድ፣ እንግዲህ፣ የፖሊስ መኪና መስረቅ ነው። ካርቱናችን ያለ ፈቃድ ሲዲ ላይ ወጣ አሉ። ሁለቱ ወገኖች በስምምነት ጨረሱት። ኬንዘር ካገኘው ነገር አንዱ፣ የድሮውን የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሕግ ተጠቅሞ የራሱን ጨዋታ የማሳተም ፈቃድ ነው። በ2001 «ሃክማስተር» እውነተኛ ጨዋታ ሆኖ ወጣ። በቀልድ የተፈጠረ ጨዋታ በቅጂ መብት ክርክር ምክንያት ሥጋ ለበሰ። እኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው።

ሌላኛው ካርቱን ግን አያስቅም።

ዴቪድ ትራምፒየር ከጨዋታው የመጀመሪያ ዘመን ሠዓሊዎች አንዱ ነው። የ1978ቱን የተጫዋቾች መመሪያ ሽፋን የሣለው እሱ ነው። ትልቅ የጋኔን ሐውልት ተቀምጧል፤ ሁለት ሌቦች ፊቱ ላይ ተንጠልጥለው ዓይኑ ውስጥ ያለውን ዕንቍ ይፈለቅቃሉ። ከሥር ጓደኞቻቸው አሁን ከገደሉት እንሽላሊት መሰል ፍጡር አጠገብ ካርታ ዘርግተዋል። የዚያ ዘመን ተጫዋች ዓይኑን ጨፍኖ ይህን ሥዕል ይነግራችኋል።

ለድራገን ደግሞ «ወርሚ» የሚል ካርቱን ይሠራ ነበር፤ ከ1977 ጀምሮ። ወርሚ ሲጋር የሚያጨስና ፑል የሚጫወት ዘንዶ ነው። ዙሪያውን ትናንሽ ሰይጣኖችና ግዙፍ ጭራቆች ሞልተዋል፤ ሁሉም ወሬኛ። ቀለሙ ግን ቀልድ አይደለም። እያንዳንዷ ቅጠል፣ እያንዳንዱ የዘንዶው ቅርፊት ተለቅሞ የተሠራ ነው። በአፕሪል 1988 በ132ኛው እትም ላይ አንድ ክፍል ወጣ። ታሪኩ መሐል ላይ ነበረ። በሚቀጥለው ወር አልመጣም። በ136ኛው እትም፣ በደብዳቤዎች ገጽ ላይ፣ ወርሚ ከእንግዲህ አይወጣም የሚል አጭር ማስታወቂያ ታየ። ቲኤስአር የላከለት ቼክ ሳይከፈት ተመለሰ። ሰው ሞቷል አለ።

አልሞተም። በ2002 የደቡባዊ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጋዜጣ አንድ ጋዜጠኛ ልኮ የካርቦንዴል ከተማን የታክሲ ሹፌሮች ሌሊት እንዲያጅብ አደረገ። ጽሑፉ ላይ የወጣው ሹፌር ስሙ ዴቪድ ትራምፒየር ነው። ፎቶውም አለ። ናፋቂዎቹ አገኘነው ብለው ጮኹ። እሱ ግን ወደዚያ ዓለም መመለስ አልፈለገም፤ የቀረበለትን ሁሉ እምቢ አለ። ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ታሞ፣ ይሠራበት የነበረው የታክሲ ድርጅትም ተዘግቶ፣ ከአካባቢው አንድ የጨዋታ መደብር ጋር ተነጋገረና ከድሮ ሥዕሎቹ ጥቂቶቹን ለሕዝብ ለማሳየት ተስማማ። ያ ቀን ሳይደርስ በማርች 24 ቀን 2014 ሞተ። 59 ዓመቱ ነበር።

አሁን ወደ ሲዲው እንመለስ። በ1999 ሲዲው ሲወጣ ወርሚም ውስጡ አለ፤ ከ1977 እስከ 1988 ያለው በሙሉ። ሠሪው ያኔ ያለበትን የሚያውቅ አንባቢ የለም። ቼክ እንኳ አልቀበልም ያለ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ያስፈቅደዋል? ናፋቂው «ወርሚን መልሱልኝ» ሲል የሚፈልገው ልጅነቱን ነው። ሰውየው ግን ያንን ዘመን በገዛ እጁ ዘግቶ ወጥቷል። እዚህ ላይ ማን ትክክል ነው ብትሉኝ፣ ሠዓሊው ነው እላለሁ። ሲዲውን ባገኘው ደግሞ አስቀድሜ የምከፍተው ያንኑ ገጽ እንደሆነ አውቃለሁ።

አርካይቩ እንደገና አልታተመም። ያለው ያለውን ይዞ ቀረ፤ የሚሸጥ ከተገኘም በውድ ነው።

የሚያናድደው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ2008 ያው የአትላንታ ፍርድ ቤት በሙሉ ዳኞቹ ተሰይሞ የግሪንበርግን ውሳኔ ገለበጠው። ገጹ እንዳለ ከተቀመጠ፣ የፍለጋ ፕሮግራም ስለተጨመረበት ብቻ አዲስ ሥራ አይሆንም አለ። ናሽናል ጂኦግራፊክ በማግሥቱ ዓመት ሙሉ ስብስቡን እንደገና አወጣ። ድራገን ግን አልተመለሰም። ያኔ የወረቀቱ መጽሔት ራሱ አልነበረም። ከ2002 ጀምሮ በፈቃድ ያሳትመው የነበረው ፔይዞ የተባለ ድርጅት ነው፤ ፈቃዱ ሳይታደስ ቀረና በሴፕቴምበር 2007 በ359ኛው እትም ተዘጋ። በኮምፒውተር ብቻ የሚነበብ ድራገን እስከ ዲሴምበር 2013፣ እስከ 430ኛው ቀጥሏል። ስለሱ ናፍቆት ሲነሣ ግን እኔ እስካሁን አልሰማሁም።

ካርቱኖቹን አውጥቶ የቀረውን ማሳተም አይቻልም ነበር ወይ የሚል ሰው አለ። ይቻል ይሆናል። ግን ያ ነገር ከዚህ በፊት ተሞክሯል፤ ቲኤስአር ራሱ ከ1980 ጀምሮ «ቤስት ኦቭ ድራገን» እያለ ምርጥ ምርጡን እየለቀመ በጥራዝ ያወጣ ነበር። ጥሩ ጽሑፎች ናቸው። ካርቶን ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ ሰው ግን እነሱን አይደለም የሚፈልገው። የሚፈልገው ምርጡ ከማይረባው ጋር የተቀመጠበትን ነው፤ የከሰረውን ኩባንያ ማስታወቂያ፣ የተቆጣውን አንባቢ ደብዳቤ፣ የዚያ ወር ካርቱን። ገለባው ከተነፋ ቀረበት። ስለዚህ አሳታሚው ሊያሳትመው በሙሉ መብት የሚችለው ክፍል ማንም ብዙ ያልናፈቀው ነው። የሚናፈቀው ደግሞ የብዙ ሰው ንብረት ሆኖ በየቤቱ ተበትኗል።

የኔን ቀዳዳ ነገር ረስቼው አይደለም። አንድ ወዳጄ አምስቱን ሲዲ ድሮ ገዝቶ አስቀምጧል። ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ቤቱ ስላልነበረ ከጎረቤት ተዋሰ። ፕሮግራሙ አልከፍት አለው። ውስጡ ገብቶ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሲጎረጉር አመሸ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ የስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ኩፖኑ ሳይቆረጥ፣ ንጹሕ ነጭ ሆኖ አለ። ቀጥሎ የጀርባውን ገጽ ላከ። መልሱ አራት መስመር ነው። እሱን የየቤቱ ዳኛ እንዳመቸው ይወስን ነው የሚለው፣ ባጭሩ።